ፋትስ ዶሚኖ ዋዜማ አልነበረም

አንትዋን ዶሚኖ፣ ዓለም «ፋትስ» በሚል ቅጽል ስሙ የሚያውቀው ፒያኖ ተጫዋች፣ ድምፃዊና የባንድ መሪ፣ ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1928 በአሜሪካ ሉዊዚያና ግዛት፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ተወለደ (እዚህ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በሙዚቃ ታሪክ መጻሕፍት የተሰጠው ቦታ ከሩቅ ሲያዩት የተከበረ ይመስላል፤ ቀረብ ብለው ሲያነቡት ግን የዋዜማ ቦታ ነው። ሮክ ኤንድ ሮል የተወለደው ጁላይ 1954 በሜምፊስ፣ ኤልቪስ ፕሪስሊ በሰን ስቱዲዮ የመጀመሪያ ሸክላውን በቀረጸበት ምሽት ነው ይባላል። ዶሚኖ ደግሞ ከዚያ በፊት መንገድ የጠረገ፣ ሁልጊዜ ፈገግ የሚል፣ ማንንም የማያስቀይም ደግ ወፍራም ሰው ሆኖ ይሳላል። ሙዚቃው ቀላል፣ ስኬቱም የጠባዩ ገራምነት ያመጣለት ሲሳይ ተደርጎ ይቆጠራል። አስተያየቱ በፍቅር ቃና ስለሚነገር የሚሞግተው እምብዛም አላገኘም። የሰውየው የሥራ ዘመን በቅደም ተከተል ሲመረመር ግን ከማስረጃው ጋር የሚስማማው ጥቂት ነው።

ዶሚኖ ከስምንት ልጆች የመጨረሻው ነበር። ቤተሰቡ የሉዊዚያና ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ማኅበረሰብ የሆነው የክሪዮል ወገን ነው፤ በቤት ውስጥ የክሪዮል ፈረንሳይኛ ይነገር ነበር። ያደገበት ሎወር ናይንዝ ዋርድ የሚባለው ሰፈር ከከተማው ዳር ያለ፣ የገጠር ጠረን ያልለቀቀው የድሆች ሰፈር ነው። ፒያኖ ያስተማረው የእህቱ ባል ሃሪሰን ቬሬት፣ በጃዝ ባንዶች ጊታርና ባንጆ የሚጫወት ሙዚቀኛ ነበር፤ ልጁ እንዳይጠፋበት የድምፆቹን ስም በፒያኖው ቁልፎች ላይ ጽፎለታል። የቀረውን ዶሚኖ ከሸክላ ለቀመ። የአልበርት አሞንስንና የፒት ጆንሰንን ቡጊ ዉጊ የተባለ የፒያኖ ስልት፣ በኋላም የሂውስተኑን የኤሞስ ሚልበርንን አጨዋወት እየደጋገመ አጠና። ቀን በአልጋ ሽቦ ፋብሪካ ይሠራ፣ ማታ በየመጠጥ ቤቱ ይጫወት ነበር። «ፋትስ» የሚለውን ስም ያወጣለት የባንድ መሪው ቢሊ ዳይመንድ ሲሆን፣ ምክንያቱ ክብደቱ ብቻ አልነበረም፤ አጨዋወቱ ፋትስ ዎለርንና ፋትስ ፒሾን የተባሉትን ሁለት ታላላቅ ፒያኖ ተጫዋቾች ስላስታወሰው ነው። ኋላ የሰውነቱ መቀለጃ የሆነው ስም ሲወጣ የሙያ ምስክርነት ነበር።

በ1949 ሁለት ነገሮች ተገጣጠሙ። ጁን ላይ «ቢልቦርድ» የተባለው የሙዚቃ ንግድ መጽሔት የጥቁሮችን ሸክላዎች ሽያጭ ሲመዘግብበት የኖረውን «የዘር ሸክላ» የሚል ርዕስ ሰርዞ «ሪትም ኤንድ ብሉዝ» አለው። አዲሱን ስም ያቀረበው ያኔ የመጽሔቱ ባልደረባ የነበረው ጄሪ ዌክስለር ነው። ይህን ልብ ማለት ይገባል፤ ሪትም ኤንድ ብሉዝ ሲጀመር የሱቅ መደርደሪያ ስም ነበር፤ መደርደሪያውም የተከፈለው በገዢው የቆዳ ቀለም ነው። ሁለተኛው ነገር የኢምፔሪያል ሸክላ ኩባንያ ባለቤት ሉ ቹድ፣ ከትራምፔት ተጫዋቹና ከሙዚቃ አቀናባሪው ዴቭ ባርቶሎሚው ጋር፣ ዶሚኖ የሚጫወትበት ሃይድአዌይ የተባለ ክለብ ድረስ መሄዱ ነው። እዚያው ተዋዋሉ።

ዲሴምበር 10 ቀን 1949 ዶሚኖ በራምፓርት ጎዳና ወደሚገኘው ጄ ኤንድ ኤም ስቱዲዮ ገባ። ስቱዲዮ ይባል እንጂ ኮሲሞ ማታሳ የተባለው ባለሙያ ከሸክላ መሸጫ ሱቅ በስተጀርባ ያዘጋጀው ጠባብ ክፍል ነበር። የሚቀረጸው በቀጥታ በሸክላ ላይ ስለሆነ፣ አንዱ ከተሳሳተ ሁሉም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይነሳሉ፤ ቆርጦ መቀጠል የለም። ከዶሚኖ ጋር ከበሮ ላይ ኧርል ፓልመር፣ ቤዝ ላይ ፍራንክ ፊልድስ፣ ጊታር ላይ ኧርነስት ማክሊን፣ ሳክስፎን ላይ ኸርብ ሃርደስቲና አልቪን ታይለርን የመሳሰሉ ሰዎች ተሰልፈዋል። ከዚያ ቀን ሥራ የወጣው «ዘ ፋት ማን» በ1950 መጀመሪያ በሪትም ኤንድ ብሉዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ሁለተኛ ደረጃ ደረሰ፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥም ሚሊዮን ቅጂ እንደተሸጠ ይነገራል።

ዘፈኑን ዛሬ ያዳመጠ ሰው ዋዜማነቱን የሚያገኝበት ቦታ የለም። የፒያኖው ግራ እጅ እንደ ባቡር ጎማ ያለ ፋታ ይንከባለላል፤ ፓልመር ሁለተኛውንና አራተኛውን ምት ከመነሻው እስከ መጨረሻው አጥብቆ ይመታል። ይህ ሁለተኛውንና አራተኛውን የማጥበቅ ልማድ በኒው ኦርሊንስ ጃዝ የመዝጊያው ዙር ላይ ብቻ የሚሰማ ነበር፤ ፓልመር ራሱ ከዚያ እንዳመጣው ተናግሯል። በመዝጊያ የነበረውን ወስዶ ሙሉውን ዘፈን ማቆም ትልቅ ውሳኔ ነው፤ ኋላ የሮክ ኤንድ ሮል ከበሮ ሁሉ የቆመው በዚሁ ላይ ነው። መሐል ላይ ዶሚኖ ቃል ትቶ በቀጭን ድምፅ የታፈነ ትራምፔት ያስመስላል። ጊታር ያነገተ ወጣት፣ ወገብ የሚሰብቅ ዳንስ ይጎድለው ይሆናል። ሙዚቃው ግን ምንም አልጎደለውም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይነሳሉ። አንደኛው ዜማው የዶሚኖ አይደለም የሚል ነው። እውነት ነው፤ መሠረቱ «ጀንከርስ ብሉዝ» የተባለ፣ የአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚዎችን ሕይወት የሚያወሳ የቆየ የኒው ኦርሊንስ ፒያኖ ዘፈን ሲሆን ሻምፒዮን ጃክ ዱፕሪ ቀደም ሲል በሸክላ አውጥቶታል። ግጥሙ ተቀይሮ፣ ምቱ ፈጥኖ፣ የነሐስ መሣሪያዎች ታክለውበት ሌላ ሥራ ሆነ። የቆየ ዜማ አንስቶ በአዲስ ጉልበት መጫወት ነውር ከሆነ የሜምፊሱም ልደት መሰረዝ አለበት፤ ኤልቪስ በዚያ ምሽት የቀረጸው የጥቁሩን ብሉዝ ዘፋኝ የአርተር ክሩደፕን የቆየ ዘፈን ነውና።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ከዶሚኖም የቀደሙ አሉ፤ ሮይ ብራውን በ1947 በዚያው በማታሳ ስቱዲዮ «ጉድ ሮኪን ቱናይት»ን ቀርጿል፤ ሚልበርን በ1948 «ቺክን ሻክ ቡጊ»ን አውጥቷል። የአይክ ተርነር ባንድ የተጫወተውና በጃኪ ብሬንስተን ስም የወጣው «ሮኬት 88» የመጣው በ1951 ነው፤ እሱንም የመጀመሪያው ሮክ ኤንድ ሮል የሚሉት ብዙ ናቸው። ታዲያ ዶሚኖን መነሻ ማድረግም ያው አንድ የልደት ቀን የመፈለግ አባዜ አይሆንም ወይ? ይሆናል፤ ለሙዚቃ የልደት ምስክር ወረቀት መጻፍ ከመጀመሪያውም ከንቱ ድካም ነው። ነገር ግን ቀን መምረጥ ግድ ከተባለ፣ ከሚቀርቡት ቀኖች ሁሉ ደካማው ጁላይ 1954 ነው። በዚያ ቀን አዲስ የነበረው ዘፋኙ እንጂ ሙዚቃው አልነበረም።

«ቀላል ነው» የሚለው ክስም የሚቆመው ፒያኖውን ላላዳመጠ ሰው ነው። ከ1950ው «ኤቭሪ ናይት አባውት ዚስ ታይም» ጀምሮ የዶሚኖ መለያ የሆነው ቀኝ እጁ በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ሦስት ሦስት ጊዜ ኅብረ ድምፁን እየመታ የሚሄድበት አጨዋወት ነው። ይህንንም ከፒያኖ ተጫዋቹ ከሊትል ዊሊ ሊትልፊልድ እንደወሰደው ይታወቃል። ሊትልፊልድ ጌጥ ያደረገውን ዶሚኖ ምሰሶ አደረገው። ሦስቱ ምቶች ከላይ ሲረግፉ ከሥር ቤዙና ሳክስፎኖቹ አንድ ዓይነት ወፍራም ሐረግ በኅብረት ይደግማሉ፤ ከበሮው በመሐል ይገባል፤ ድምፁ ከምቱ በጥቂቱ ዘግየት ብሎ ይከተላል። የእያንዳንዱ ድርሻ ትንሽ ነው። አንዱ ሽርፍራፊ ሰከንድ ቢቀድም ግን ሁሉም ይፈርሳል። ለዚህ ነው በሺህ የሚቆጠሩ ባንዶች ዘፈኖቹን ሲጫወቱ ልክ እሱን መምሰል ያቃታቸው። ማንም ሊያንጎራጉረው የሚችል ዜማ ማንም ሊጫወተው ይችላል ማለት አይደለም።

የዚህ ቡድን ዋጋ የታየው ከዶሚኖ ስም ውጭም ነው። በ1952 ሎይድ ፕራይስ «ሎዲ ሚስ ክሎዲ»ን ሲቀርጽ ፒያኖውን የተጫወተው ዶሚኖ ነበር፤ ዘፈኑ በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ፤ በ1956 ኤልቪስ ራሱ ዘፍኖታል። በዚያው በ1952 የዶሚኖ የራሱ «ጎይን ሆም» አንደኛ ሆነ። ሴፕቴምበር 1955 ሊትል ሪቻርድ «ቱቲ ፍሩቲ»ን የቀረጸው በማታሳ ስቱዲዮ ነው፤ ያጀቡትም ፓልመርን፣ ታይለርንና ሊ አለንን የመሳሰሉ የዶሚኖ ሸክላዎች ሙዚቀኞች ናቸው። ታሪክ ጸሐፊዎች ሊትል ሪቻርድን አብዮተኛ፣ ዶሚኖን ደግሞ ለስላሳ ብለው ሲለያዩአቸው ከኋላቸው የሚጫወቱት ሰዎች ያው መሆናቸውን ይዘነጋሉ።

እዚህ ጋር ከተቃራኒው ጎራ የሚመጣ ክርክር አለ፤ ታላቁ ሰው ባርቶሎሚው ነው፣ ዶሚኖ ፊቱንና ድምፁን ብቻ አዋጣ የሚል። ባርቶሎሚው ባንዱን ሰብስቧል፤ የነሐሱን ድርሻ ጽፏል፤ ስቱዲዮ ውስጥ ዲሲፕሊን አስከብሯል፤ አብዛኞቹን ታዋቂ ዘፈኖችም ከዶሚኖ ጋር ደርሷል። ያለ እሱ የዶሚኖ ሸክላዎች ሌላ መልክ ይኖራቸው ነበር። ሆኖም ባርቶሎሚው በራሱ ስም ያወጣቸው ሸክላዎች፣ በዚያው ባንድ፣ በዚያው ክፍል ተቀርጸው፣ ወደዚያ ስኬት አልቀረቡም። ልዩነቱ ፒያኖው፣ የድምፁ የክሪዮል ለዛና ዶሚኖ ይዞ የሚመጣው የዜማ ፍሬ ነበር። በመንገድ ላይ፣ በየከተማው ለዓመታት ባንዱን የመራውም ዶሚኖ ራሱ ነው። ሁለቱ ብዙ ይጋጩ ነበር። የተሠራው ሥራ የሁለት ሰዎች ነው፤ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ለማንገሥ የሚደረገው ጥረት ሁሉ ሌላኛውን ያጎድላል።

ከ1955 በኋላ ያለው ምዕራፍ አብዛኛውን ጊዜ «ዶሚኖ ወደ ነጮቹ ገበያ ተሻገረ» ተብሎ ይጻፋል። አባባሉ የተሻገረው ዶሚኖ እንደሆነ ያስመስላል። በ1955 የወጣው «ኤይንት ዛት ኤ ሼም» በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ 11 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በአጠቃላዩ የፖፕ ሰንጠረዥ ግን 10ኛ ላይ ቆመ። በዚያው ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣው ይህንኑ ዘፈን የቀረጸው ነጩ ፓት ቡን ነበር። ብዙ የሬዲዮ ጣቢያዎች የጥቁሩን ቅጂ ማስተላለፍ ስላልፈለጉ ወይም ስላልደፈሩ፣ ኩባንያዎች ያለቀለትን ዘፈን ለነጭ ዘፋኝ ሰጥተው ማስቀረጽን ልማድ አድርገውት ነበር። ቡን ለዶሚኖ ዋለለት፣ በር ከፈተለት የሚል ወግ እስከ ዛሬ ይደመጣል። ዶሚኖ የዘፈኑ ደራሲ በመሆኑ ከቡን ሽያጭ ገንዘብ አግኝቷል፤ ይህ አይካድም። ይሁን እንጂ የበሩ መከፈት ውለታ የሚባለው በሩን የዘጋው ማን እንደሆነ ሲረሳ ነው። የዶሚኖ አጨዋወት በ1952 እና በ1956 መካከል የተቀየረው ጥቂት ነው። የተቀየረው አድማጩ ነበር። በ1957 ስለ አዲሱ ሙዚቃ ሲጠየቅ እሱ ራሱ፣ ሮክ ኤንድ ሮል የሚሉት ነገር ሪትም ኤንድ ብሉዝ መሆኑንና በኒው ኦርሊንስ ለዓመታት ሲጫወተው እንደኖረ ተናግሯል።

በ1956 «ብሉቤሪ ሂል» ወጣ። ዘፈኑ የ1940 ነው፤ ግሌን ሚለርና ሉዊ አርምስትሮንግ ቀድመው አውጥተውታል፤ ባርቶሎሚውም የተዘፈነ ዘፈን ምን ያደርግልናል ብሎ ተቃውሞ ነበር። ቀረጻው የተካሄደው በሎስ አንጀለስ ነው። ዶሚኖ ግጥሙን እየረሳ አንድም ሙሉ ቅጂ ባለመገኘቱ፣ የድምፅ ባለሙያው የተለያዩ ቁርጥራጮችን ቀጥሎ ሠራው። በሪትም ኤንድ ብሉዝ 11 ሳምንት አንደኛ፣ በፖፕ ሁለተኛ ሆነ። ዶሚኖ በፖፕ ሰንጠረዥ አንደኛ የወጣበት ዘፈን በሕይወቱ አንድም የለም። ከ1955 እስከ 1960 ድረስ 11 ዘፈኖቹ ከመጀመሪያዎቹ 10 ውስጥ ገብተዋል፤ በ1950ዎቹ ከሮክ ኤንድ ሮል ዘፋኞች በሽያጭ የበለጠው ኤልቪስ ብቻ እንደሆነ ይነገራል። ዋዜማ የተባለ ሰው በበዓሉ ቀን ሁሉ እንዲህ ሲሸጥ መገኘቱ ለጸሐፊዎቹ ጥያቄ መፍጠር ነበረበት።

«ማንንም የማያስቀይም» የሚለው ሥዕል ደግሞ የዘመኑን ጋዜጣ ያላየ ሥዕል ነው። በ1956 በዶሚኖ ዝግጅቶች ላይ ረብሻ በተደጋጋሚ ተነስቷል። ጁላይ ላይ በካሊፎርኒያዋ ሳን ሆዜ፣ ኖቬምበር ላይ ደግሞ በሰሜን ካሮላይናዋ ፌየትቪል ጠብ ተቀሰቀሰ፤ በፌየትቪል ፖሊስ አስለቃሽ ጋዝ እስከ መተኮስ ደርሶ ዶሚኖና ባልደረቦቹ በመስኮት አመለጡ። መጠጡ፣ ሙቀቱና መጨናነቁ የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው። በደቡቡ ግን ጥቁርና ነጭ ወጣቶች በአንድ አዳራሽ እንዳይደንሱ ሕግና ልማድ ይከለክሉ ነበር፤ አዳራሾች መሐላቸው በገመድ ይከፈል፣ ወይም አንዱ ዘር ምድር ቤት ሌላው ሰገነት ላይ እንዲሆን ይደረግ ነበር። በዶሚኖ ምት ያ ገመድ ሲረገጥ አስፈሪው ነገር የታየው ለባለሥልጣናቱ ነው። ለፍትሐዊነት ሲባል መነገር ያለበት፣ ዶሚኖ በመድረክ ላይ የፖለቲካ ንግግር የሚያደርግ ሰው አለመሆኑ ነው፤ ዓይን አፋርና ቁጥብ ነበር። ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ዝምታ ከሙዚቃው ጉልበት ጋር አምታተውታል። የሰውየውን ጠባይ ገልጸው ሲጨርሱ ሙዚቃውን የገለጹ ይመስላቸዋል።

ስለ ውድቀቱ የሚነገረውም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝ ባንዶች መጥተው አስረጁት ይባላል። ቀኖቹ ይህን አይደግፉም። ቢትልስ አሜሪካ የገቡት ፌብሩዋሪ 1964 ነው። ዶሚኖ ከኢምፔሪያል ለቆ ወደ ኤቢሲ ፓራማውንት የሄደው በ1963 ነው፤ አዲሱ ኩባንያ ቀረጻውን ወደ ናሽቪል አዛወረ፤ ባርቶሎሚውን ተወው፤ በነሐሱ ሐረግ ፋንታ የኅብረ ዝማሬና የቫዮሊን ጌጥ አበዛ። ከመጀመሪያዎቹ 40 ውስጥ የገባው የመጨረሻ ዘፈኑ «ሬድ ሴይልስ ኢን ዘ ሰንሴት» የዚያው የ1963 ነው። ሥራውን የጎዳው ባንዱን ከስቱዲዮው የለየ የንግድ ውሳኔ ነበር። ይህ ደግሞ ዋናውን ነጥብ ያጠናክራል፤ ዜማውና ፈገግታው እንዳሉ ነበሩ፤ የጠፋው የኒው ኦርሊንሱ የቡድን ሥራ ነው። በመድረክ ላይ ባንዱን ይዞ ለአሥርተ ዓመታት ቀጥሏል፤ እዚያ የሰሙት ሰዎች ስለ ውድቀት አልጻፉም።

አስረጁት የተባሉት እንግሊዛውያን ራሳቸው የሚሉት ሌላ ነው። የቢትልሱ ጆን ሌኖን መጀመሪያ የተማረው ዘፈን «ኤይንት ዛት ኤ ሼም» መሆኑን ተናግሯል። የባንድ ባልደረባው ፖል ማካርትኒ በ1968 «ሌዲ ማዶና»ን ሲደርስ ፒያኖውን በዶሚኖ አምሳል ቀረጸው፤ ዶሚኖም በዚያው ዓመት ዘፈኑን መልሶ ተጫወተው። በጃማይካ ደግሞ የኒው ኦርሊንስ ሪትም ኤንድ ብሉዝ ከሬዲዮና ከጎዳና ድምፅ ማጉያዎች እየተሰማ ስካ የተባለው የጃማይካ ሙዚቃ ምት እንዲወለድ አግዟል፤ የዶሚኖ ሸክላዎች እዚያ እጅግ ተወዳጅ ነበሩ። ኤልቪስ በ1969 በላስ ቬጋስ ጋዜጠኞች ንጉሥ ብለው ሲጠሩት፣ እውነተኛው ንጉሥ ብሎ ያሳየው አጠገቡ የነበረውን ዶሚኖን ነው። ይህን ታሪክ የሚያወሱ ሁሉ የኤልቪስን ትሕትና ለማድነቅ ያወሱታል። ኤልቪስ ስለ ሙዚቃው እውነቱን እየተናገረ ሊሆን እንደሚችል የሚጠረጥር ጥቂት ነው።

የሮክ ኤንድ ሮል የዝና አዳራሽ በ1986 የመጀመሪያ ተመራጮቹን ሲቀበል ዶሚኖ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ተመራጭ ሙዚቀኞች አንዱ ሆነ። በ1998 የአሜሪካ ብሔራዊ የኪነ ጥበብ ሜዳይ ተሸለመ። ያኔም ከሎወር ናይንዝ ዋርድ አልለቀቀም ነበር። ኦገስት 2005 ካትሪና የተባለው ማዕበል ሲመጣ፣ ባለቤቱ ሮዝሜሪ ታማ ስለነበረች ቤታቸው ቀሩ። ሞተ ተብሎ ተወርቶ በቤቱ ላይ የስንብት ቃል ተጽፎበት ነበር፤ እሱና ቤተሰቡ ግን በጀልባ ተርፈው ወጡ። በጎርፉ የጠፋውን ሜዳይ በቀጣዩ ዓመት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ በምትኩ ሌላ ሰጡት። ኦክቶበር 24 ቀን 2017 በ89 ዓመቱ አረፈ፤ ባርቶሎሚው ደግሞ 100 ዓመት ሞልቶት ጁን 2019 ተከተለው።

በሞቱ ጊዜ ከተጻፉት ብዙዎቹ ፈገግታውን፣ ቀለበቶቹንና ደግነቱን አስቀደሙ፤ ግራ እጁን ያነሱት ጥቂቶች ናቸው። ከመጀመሪያዎቹ አሥር ጋር የተሰጠው ወንበር ተገቢ ነው። መታረም ያለበት ለምን እንደተሰጠው የሚነገረው ምክንያት ነው። ዶሚኖ ያን ወንበር ያገኘው ለሌሎች መንገድ ስለጠረገ አይደለም፤ ከ1949 ጀምሮ፣ ከባርቶሎሚውና ከባልደረቦቹ ጋር፣ ሙዚቃውን ራሱን ስለሠራው ነው።